ሐቀዲን፤ የይፋትን ዙፋን በጦር ያስመለሰው የወላስማ ልጅ

ከሐርጌሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጉዞ ከጥንታዊቷ የዘይላ ወደብ የሚደርስ መንገደኛ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ራቅ ብለው በሰዓደዲን ስም የሚጠሩትን ደሴቶች ያገኛል። ሰዓደዲን በዘይላ ተከቦ የወደቀ ሱልጣን ነው። እርሱ የወረሰውን ትግል የጀመረው ግን ወንድሙ ዳግማዊ ሐቀዲን ነበር።

ሐቀዲን የተወለደው ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይፋትን ይገዛ ከነበረው ከወላስማ ቤተሰብ ነው። ይፋት ከዘይላ ወደ መሐል አገር የሚወጣውን የንግድ መንገድ የያዘ ግዛት በመሆኑ የደጋው ነገሥታት ዓይን ከእርሱ አልተነቀለም። ዓፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ዓ.ም. ሱልጣን ሰብረዲንን ድል ነሥቶ ካሠረው ወዲህ የይፋት ገዥ የሚሾመውም የሚሻረውም በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሆነ። ስለዚህ ሥልጣን የሚመኝ የወላስማ ልጅ የገዛ ወገኑን ለመጣል የቤተ መንግሥቱን ድጋፍ ይሻ ጀመር።

የሐቀዲን አያት ዓሊ በዓፄ ሰይፈ አርዓድ ላይ በማመፁ ስምንት ዓመት ታሠረ። በቦታውም ልጁ አሕመድ ተሾመ። ኋላ ዓሊ ምሕረት አግኝቶ ወደ ሥልጣኑ ቢመለስም፣ ወንበሩን ይዞ የቆየውን ልጁን በበጎ ዓይን አላየውም። ቂሙ ለአሕመድ ልጅ ለሐቀዲንም ተረፈ። ወጣቱ ለትምህርት ያደረ ሰው ሆኖ ሳለ በአያቱና ከአባቱ ወገን በሆነው በሞላ አስፋህ ዘንድ ተንቆ አደገ፤ ከመዲናዪቱም ተገልሎ በአነስተኛ ሹመት ወደ ሩቅ ቀበሌ ተላከ።

በ1350ዎቹ ዓ.ም. ግን ሐቀዲን ተከታዮቹን አሰባስቦ ተነሣ። ሞላ አስፋህም በይፋት ኃይል ብቻ ሊመክተው እንደማይችል በመገንዘቡ የሰይፈ አርዓድን ጦር ለርዳታ ጠራ። ሁለቱ ወገኖች በተጋጠሙበት ውጊያ ድሉ የሐቀዲን ሆነ። ሞላ አስፋህ በጦር ሜዳ ወደቀ፤ ከደጋ የመጣለት ሠራዊትም ተሸነፈ።

ድል አድራጊው ወደ ይፋት በገባ ጊዜ የናቀው አያቱ በእጁ ነበር። ሆኖም ሐቀዲን ሽማግሌውን አልተበቀለም፤ በክብር ተቀብሎ የአሮጌዪቱን ከተማ አስተዳደር ተወለት። ራሱ ወሐል የተባለች አዲስ ከተማ ቆረቆረ። ሕዝቡ ወደዚያ ሲፈልስ አሮጌዪቱ ይፋት እየተዳከመች ሄደች።

የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ አልመቅሪዚ እንደ መዘገበው፣ ሐቀዲን ከቤተሰቡ ለንጉሠ ነገሥቱ መገዛትን እንቢ በማለት የመጀመሪያው ነበር። እንቢታው ዋጋ አስከፍሎታል። በአሥር ዓመት ያህል አገዛዙ ከሃያ በላይ ውጊያዎችን አካሄደ፤ በ776 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1366 ዓ.ም. ገደማ፣ በጦርነት ላይ ሞተ። ወንድሙ ሰዓደዲን ትግሉን ለሠላሳ ዓመት ያህል ቀጥሎ በዘይላ ተሠዋ። የሰዓደዲን ልጆች ወደ የመን ከተሰደዱ በኋላ ተመልሰው የአዳልን መንግሥት አቋቋሙ።

ሐቀዲን የሚታወሰው በጀግንነቱ ብቻ አይደለም። ወገን በወገኑ ላይ የውጭ ጦር በጠራበት ዘመን እርሱ በራሱ ተከታዮች ተማምኖ ተዋጋ፤ በድሉም ቀን የቤተሰቡን ቂም በደም አላወራረደም።