ሙሴ አንሪ ሾሜትና የአዲስ አበባ ሕንፃዎች

ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ብሔራዊ ቴአትርንና ከፊቱ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ሳያይ የሚመለስ አይመስለንም። ሕንፃውን ያላየ ጥቂት ነው፤ የሠራውን ሰው ታሪክ የሚያውቅም እንዲሁ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የታዋቂውን ፈረንሳዊ አርክቴክት የሙሴ አንሪ ሾሜትን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

ሙሴ ሾሜት እ.ኤ.አ. በ1921 በፈረንሳይ አገር በሳንት ኤትየን ከተማ ተወለዱ። የሥነ ሕንፃን ትምህርት በፓሪስ ዝነኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፥ ገና በወጣትነታቸው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ጊዜው አገራችን ከጠላት ወረራ ተላቅቃ ትምህርት ቤቱን፥ ባንኩን፥ መሥሪያ ቤቱን እንደ ገና የምታቋቁምበት ጊዜ ነበር። ሙሴ ሾሜትም በአዲስ አበባ ቢሮ ከፈቱ፤ የከተማይቱም ዋና አርክቴክት ሆነው አገለገሉ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ቴአትሩ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለሲኒማ ብለው የጀመሩት፥ ሳይፈጽሙት የቀረ ሕንፃ ነበር። ሙሴ ሾሜት ይህን የጠላት ጅምር ተረክበው ለኢትዮጵያ የሚገባ አዲስ መልክ ሰጡት። የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ። ከፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ የቀራፂው የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፤ ሙሴ ሾሜት ቀራፂውንና ሠዓሊውን ከግንበኛው ጋር አብሮ ማሠራት ይወዱ ነበርና።

ከቴአትሩ አጠገብ የሚታየውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ክብ ሕንፃ የነደፉትም እርሳቸው ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የባንኩ ረጅም ፎቅ በአጠገቡ ቢቆምም፥ ክቡ ሕንፃ ግርማውን አላጣም።

ከዚያም ሙሴ ሾሜት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተሻግረው በብዙ አገሮች ሠሩ፤ የአቢጃን ማዘጋጃ ቤትም ከሥራዎቻቸው አንዱ ነው። በሄዱበት ሁሉ የያዙት አሳብ አንድ ነበር። ይኸውም የኤውሮፓን ሕንፃ እንዳለ ገልብጦ በአፍሪካ ምድር ማቆም አይገባም፤ ሕንፃ የአገሩን አየር፥ የአገሩን ድንጋይና የአገሩን ባለ እጅ ጥበብ መምሰል አለበት የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዐረፉ።

ይህ አሳብ ለእኛ ለመስቃን ልጆች እንግዳ ሊሆን አይገባም። አባቶቻችን ቤታቸውን ክብ አድርገው፥ በመካከሉ ምሰሶ አቁመው፥ በሣር ሲከድኑ ሙቀቱንም ብርዱንም አስበው ነው። በጉራጌ መንደሮች መካከል የተዘረጋው ሰፊው ጀፎረም ሠርግና ልቅሶ፥ ስብሰባና ጨዋታ እንዲበቃው ሆኖ የተተወ ነው፤ ይህም የከተማ ፕላን ሊባል ይገባዋል። ነገር ግን ዛሬ በከተሞቻችን ቤት ሲሠራ፥ የሌላውን አገር ፎቅ ማምሰል እንጂ ይህን ጥበብ መመርመር እምብዛም አይታይም። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የእኛን ነገር አክብሮ ሲሠራ፥ እኛ ራሳችን ብንንቀው ያሳፍራል።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስና አርክቴክት የሚሆኑ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፥ የሒሳብና የንድፍ ትምህርታቸውን በትጋት እየተከታተሉ፥ የአያቶቻቸውንም ቤት በተማሪ ዐይን እንዲያዩት እንመክራለን።