ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅና የከተማው ልማድ

የሚኖርበት ሀገር ልማድ በከፋ ጊዜ ክርስቲያን ሊሸሽ ይገባዋልን? ወይስ እየገሠጸ አብሮ ሊኖር? ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በሁለቱም መንገድ ሄዶባቸዋል።

በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአንጾኪያ ተወልዶ በመበለቲቱ እናቱ በአንቱሳ እጅ አደገ። የንግግርን ጥበብ ከአረማዊው ከሊባንዮስ ተማረ፤ የመምህሩን አማልክት ትቶ ጥበቡን ያዘ። ከዚያም ወደ ተራራ መንኖ ሳለ ጤናው ስለ ተጎዳ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ386 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ።

በ387 ዓ.ም. የአንጾኪያ ሰዎች በአዲስ ግብር ተቈጥተው የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ገለበጡ። ቍጣው ሲበርድ ፍርሃት ተተካ፤ ብዙዎች ታሰሩ፥ የተገደሉም ነበሩ። ጳጳሱ ፍላብያኖስ በእርጅናው ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ሲገሠግሥ ዮሐንስ ከሕዝቡ ጋር ቀረ። ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበረና እያስተማረ አጽናናቸው። የሚያስደንቀው ግን ሞት ለሚጠብቁ ሰዎች ደጋግሞ የነገራቸው መሐላን እንዲተዉ መሆኑ ነው። ሐውልቱን የጣሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ በየምክንያቱ መማል ግን የሁሉም ልማድ ነበረ። ለፋሲካ የምሕረቱ ወሬ ደረሰ።

በ398 ዓ.ም. የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በዚያ ዝናም በዝቶ እህሉን ሊያጠፋ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ለምህላ ተሰበሰበ፤ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ግን በዕለተ ስቅለት የሠረገላ እሽቅድምድም ለማየት ወጣ፥ በማግሥቱም ቴአትር ቤቱን ሞላው። ዮሐንስ በብርቱ ኀዘን ገሠጻቸው፤ ከዚህ የማይመለሰውንም ከቅዱስ ቍርባን እንደሚከለክል አስታወቀ።

እኛ ካህናት ይህን ስናነብ ደስ ይለናል፤ ተግሣጽ ለሌላው ሲነገር ቀላል ነውና። እርሱ ግን የገዛ ቤቱንም አልማረም። የመንበሩን ወጪ ቀንሶ ትርፉን ለበሽተኞች ቤት ሰጠ፥ ሌላም ሆስፒታል አሠራ። ትልልቅ ሰዎችን መጋበዝ ትቶ ብቻውን ይመገብ ነበር። የካህናቱንም ኑሮ መረመረ። በዚህም ብዙ ጠላት አፈራ፤ እንግዳ አይቀበልም የሚል ክስ እንኳ ቀርቦበታል። ቃሉ አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ መራራ እንደ ነበረም መካድ አያስፈልግም።

ንግሥት አውዶክስያም ተቀየመችው። በ403 ዓ.ም. በጉባኤ ተፈረደበት፤ በ404 ዓ.ም. ወደ ኩኩሶስ ተሰደደ። በ407 ዓ.ም. ከዚያም ወደ ራቀ ስፍራ ሲነዳ በመንገድ ላይ በኮማና ዐረፈ። በ438 ዓ.ም. ዐፅሙ ወደ ቁስጥንጥንያ ሲመለስ የአውዶክስያ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ በሣጥኑ ላይ ተደፍቶ ስለ አባቱና ስለ እናቱ ይቅርታ ለመነ።