ቅጣው እጅጉ፤ ከቦንጋ እስከ ሕዋ

ተማሪዎች፣ በጥቅምት ወር ሰማዩ ጥርት ባለበት አመሻሽ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብላችሁ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ብትመለከቱ፣ ከከዋክብቱ መካከል አንዲት ነጥብ ሳትርገበገብ በዝግታ ስትጓዝ ታዩ ይሆናል። ቅድመ አያቶቻችሁ በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ነገር አላዩም። እስከ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ድረስ በሰው እጅ ተሠርቶ ምድርን የዞረ አንዳችም ነገር አልነበረምና። በዚያ ዕለት ሶቪዬት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት አመጠቀች። ዛሬ በነጋዴውና በሾፌሩ ኪስ ያለው ስልክ ባለቤቱ የቆመበትን ስፍራ የሚያመለክተው ከሳተላይቶች በሚያገኘው ምልክት ነው። በዚህ ታላቅ ሥራ ከተሳተፉት ባለሙያዎች አንዱ የአገራችሁ ልጅ እንደ ነበሩ ታውቃላችሁን?

ቅጣው እጅጉ በየካቲት ወር 1940 ዓ.ም. በከፋ፣ በቦንጋ ከተማ ተወለዱ። ስፑትኒክ ወደ ሕዋ ስትወጣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም በጅማ በሚያዝያ 27 ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ከዚያም እናንተ በምትኖሩበት አካባቢ አቅራቢያ ወደሚገኘው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋም መጡ። ይህ ተቋም በ1955 ዓ.ም. በሶቪዬት ኅብረት ርዳታ የተከፈተ ሲሆን፣ ዓላማውም ለአገሪቱ ኢንዱስትሪና እርሻ የሚያስፈልጉ የቴክኒክ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያዋን ሳተላይትና የመጀመሪያውን የጠፈር ተጓዥ ዩሪ ጋጋሪንን የላከች አገር በዓባይ ዳር ባቋቋመችው ተቋም የተማሩት ወጣት፣ ኋላ ሙያቸውን በተፎካካሪዋ በዩናይትድ ስቴትስ ሊያውሉት ነው። የዕውቀት መንገድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የአገርም የወገንም ድንበር አያግደውም።

ከባሕር ዳር ተመርቀው ለጥቂት ጊዜ በአውቶሞቢል ሥራ ካገለገሉ በኋላ፣ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ጃፓን ሄዱና በሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በባዕድ ቋንቋ ምሕንድስናን ማጥናት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡ። ቀጥሎም ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ተሻግረው ትምህርታቸውን አስፋፉ፤ በሕዋ ሥራም ተሰማሩ። ለአገሪቱ የሕዋ ድርጅት ለናሳ ከሚሠሩት ኩባንያዎች አንዱ በሆነው በሮክዌል ተቀጥረው የሳተላይት መሐንዲስ ሆኑ።

ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው ጂ.ፒ.ኤስ. ከተባለው የቦታ ማመልከቻ ሥርዓት ጋር ነው። አሠራሩን በአጭሩ ልብ በሉ። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ሳተላይቶች ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ይዟል፤ ሰዓቱንም በሬዲዮ ሞገድ ያለማቋረጥ ይናገራል። ሞገዱ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መቀበያው ምልክቱ ምን ያህል እንደ ዘገየ በመለካት ርቀቱን ያሰላል። የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ካገኘ ደግሞ ያለበትን ስፍራ ያውቃል። ሰዓቱ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት፣ የርቀቱ ስሕተት 300 ሜትር ይሆናል። የመሐንዲሱ ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ሥርዓት መጀመሪያ የታቀደው ለጦር ኃይል ነበር። ከሳተላይቶቹ የመጀመሪያዋ በ1970 ዓ.ም. መጠቀች። ይሁን እንጂ በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መሥመሩን ስቶ ወደ ሶቪዬት ሰማይ በመግባቱ ተመትቶ ወደቀ፤ 269 ሰዎችም አለቁ። ከዚህ አደጋ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሰላማዊ አገልግሎት ሁሉ በነጻ ክፍት እንደሚሆን አስታወቀ። ሥርዓቱም በ1987 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ። በመንግሥት ገንዘብ የተዘረጋው ሥርዓት መርከበኛው፣ ቀያሹና ነጋዴው የሚገለገሉበት ሆነ፤ መቀበያውን የሚሠሩ ኩባንያዎችም በየአገሩ በዙ። የሮክዌል የሕዋ ክፍል በ1989 ዓ.ም. ወደ ቦይንግ ኩባንያ ተዛወረ፤ ቅጣው በቦይንግም አገልግለዋል። ቆይተውም ትራንስ ቴክ ኢንተርናሽናል የተባለ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይታችሁ እንድታውቁ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰዎች ከፍቅር ብዛት ቅጣው ጂ.ፒ.ኤስ.ን ብቻቸውን እንደ ፈጠሩ አድርገው ያወራሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ሥራው የብዙ ሺህ ሰዎች ድካም ውጤት ነው፤ እርሳቸውም ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። ይህን መናገር ክብራቸውን አይቀንሰውም። ሰውን በሠራው ልክ ማመስገን እውነተኛ ክብር ነው፤ ባልሠራው ማመስገን ግን የሠራውንም ጭምር ያስጠረጥራል።

ቅጣው እጅጉ የኖሩት በባዕድ አገር ቢሆንም፣ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከልባቸው አልወጣም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በውጭ አገር ሆነው በፖለቲካ ድርጅት መሪነት ተሳትፈዋል። ነገር ግን ዕድሜ አልሰጣቸውም፤ ጥር 5 ቀን 1998 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው በቴክሳስ ግዛት ዐረፉ። የሌላ አገር ሳተላይት ሲሠሩ የኖሩት ሰው የአገራቸውን ሳተላይት ሳያዩ አለፉ።

ሆኖም ሥራው በአገር ቤት ተጀምሮ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ጥቂት ወዳጆች የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበርን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ በድርቅ የምትፈተን አገር ስለ ሕዋ ማሰቧ ቅንጦት የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ግን በእንጦጦ ተራራ ላይ የሕዋ መመልከቻ ተመረቀ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር መጠቀች። ክብደቷ ወደ 70 ኪሎ ግራም ነበር፤ የወጪዋን አብዛኛውን ክፍል የሸፈነችውም ቻይና ናት። ዓላማዋ እርሻን፣ ውኃንና ደንን ከላይ ሆኖ መቃኘት ነበር። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛዋ ተከተለች። ዝናብ ሲዘገይ፣ ደን ሲመነጠር፣ አፈር በጎርፍ ሲታጠብ ቀድሞ ማየት ለጉና ግርጌ ገበሬ ቅንጦት ሊባል ይችላልን?

ተማሪዎች፣ ቅጣው እጅጉ ትምህርት የጀመሩት ሮኬት በማይታይበት ከተማ ነው። የነበራቸው ደብተር፣ መምህርና የማወቅ ጉጉት ነበር። እናንተም ዛሬ በሒሳብና በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የምታገኙት ትምህርት ወደዚያው ጎዳና የሚመራ ነው። ከእርሳቸው ዘመን የሚለየው ግን አንድ ነገር አለ፤ ያ ጎዳና አሁን ከአገር ሳይወጡም ሊጀመር ይችላል።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ።
1. ጂ.ፒ.ኤስ. ለሰላማዊ አገልግሎት ክፍት እንዲሆን ምክንያት የሆነው ምንድን ነው?
2. ጸሐፊው የቅጣው ሥራ ተጋንኖ እንዳይነገር ያሳሰበው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
መጠቀ፣ ቅንጦት፣ ተመነጠረ፣ ጉጉት

ሐ. በአካባቢያችሁ በሙያው የታወቀና ዛሬ በሕይወት የሌለ አንድ ሰው መርጣችሁ፣ የሠራውን ሳትቀንሱና ሳትጨምሩ፣ የሕይወት ታሪኩን በሦስት አንቀጽ ጻፉ።