እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ፦ የዣክ ኢቭ ኩስቶ ሕይወት



በዚህ የትምህርት ዓመት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ወደ ሙሻ ደሴት ለሽርሽር ስንሄድ የተቀጣጠርነው በአሮጌው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነበር። ቦታውን የመረጥነው ማንም ስለማይጠፋበት ነው። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ከድሬዳዋ ተነስተው ይህችን ከተማ መጀመሪያ የረገጡት እዚያው ነው። ማታ ላይ ልጆቹን ለመውሰድ ወላጆች እዚያው ጣቢያ ደጃፍ ሲጠብቁን፣ ወንዶቹ ልጆች ውሃ ውስጥ እንዴት እንደተገለባበጡ፣ እንዴት አንዱ የሌላውን እግር ከሥር እንደጎተተ፣ እንዴት መነጽር እንደተሰራረቁ እየተቀባበሉ አወሩ። ሁሉም ሳቀ። አንዲት እናት ግን አልሳቁም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን የአገራችንን አባባል አስታውሰው ዝም አሉ።

ያን ምሽት ለእኚህ እናት በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። ልጆቹም እሳቸውም እውነት ነበራቸው። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔት በውሃ ውስጥ እንደ ልጅ የተጫወተ፣ በጨዋታውም የተማረ፣ ያጠፋና የተጸጸተ ሰው ታሪክ መረጥሁ። ሰውየው ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩስቶ ሰኔ 11 ቀን 1910 በቦርዶ አጠገብ በምትገኝ ሳንት አንድሬ ደ ኩብዛክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ በሽታ የሚያጠቃው ቀጫጫ ልጅ ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ለጥቂት ጊዜ አሜሪካ ኖረ፤ በዚያም የክረምት ካምፕ ውስጥ የሐይቁን ወለል ከወደቁ ቅርንጫፎች እንዲያጸዳ ታዘዘ። ሥራው ቅጣት መሰል ነበር። ልጁ ግን እየጠለቀ ሲሠራ ትንፋሽ መያዝን ተማረ።

በትምህርት ቤት ጎበዝ አልነበረም። የትምህርት ቤቱን መስኮቶች በድንጋይ ሰብሮ ተባርሯል፤ ከዚያ ወላጆቹ አልዛስ ወደሚገኝ ጥብቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩት፤ በዚያም ተስተካክሎ ጨረሰ። ይህን የምጽፈው መስኮት እንዲሰበር አይደለም። ልጃቸው አንድ ዓመት ስለተበላሸ ተስፋ ለሚቆርጡ ወላጆች ነው።

በ1930 ወደ ባሕር ኃይል አካዳሚ ገባ። ምኞቱ አውሮፕላን አብራሪ መሆን ነበር፤ ነገር ግን ሥልጠናውን ሊጨርስ ሲቃረብ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበትና ክንዶቹ ክፉኛ ተጎዱ። የአብራሪነት ነገር በዚያው ቀረ። ወደ ቱሎን ወደብ ሲመደብ ፊሊፕ ታይዬ የሚባል መኮንን ተዋወቀ። ታይዬ ክንዱ እንዲጠነክርለት ባሕር እንዲዋኝ መከረው፤ በ1936 ደግሞ የዋና መነጽር አዋሰው። ኩስቶ ፊቱን ከውሃው በታች ዝቅ አድርጎ ሲያይ ዓሦችንና ለምለሙን የባሕር ሣር በጥራት አየ። ከዚያች ቀን በኋላ ሕይወቱ ሌላ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ፍሬዴሪክ ዱማ የሚባል ጎበዝ ጠላቂ ሦስተኛ ሆነ። ሦስቱ ጓደኛሞች አብረው ይጠልቃሉ፣ ዓሣ ያድናሉ፣ ይወዳደራሉ። ሰዎችም የባሕር ሦስቱ ሙስኬተሮች አሏቸው።

ችግራቸው አንድ ነበር፤ ትንፋሽ ያልቃል። በጊዜው የነበረው ጠላቂ ከባድ የብረት ቆብ አድርጎ፣ ከላይ በቱቦ አየር እየተላከለት፣ በባሕር ወለል ላይ የሚራመድ ሰው ነው። እነ ኩስቶ ግን እንደ ዓሣ መዋኘት ፈለጉ። በ1937 ያገባት ሲሞን ሜልኪዮር አባቷ አየር ሊኪድ በተባለው የጋዝ ኩባንያ ይሠሩ ነበር። በዚህ መንገድ በ1942 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ኤሚል ጋኛን ከሚባል የኩባንያው መሐንዲስ ጋር ተገናኘ። ወቅቱ ጦርነት ነው፤ ቤንዚን ስለጠፋ መኪኖች በጋዝ ይነዱ ነበርና ጋኛን ለእነሱ ጋዝ የሚመጥን መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ያንን አሻሽለው፣ ጠላቂው ሲስብ ብቻ በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ጋር እኩል የሆነ አየር የሚሰጥ መሣሪያ አደረጉት።

በጥር 1943 በማርን ወንዝ ሲሞክሩት አግድም ሲዋኙ በደንብ ሠራ፤ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ግን አየሩ ያለ መጠን ይፈስስ ነበር። አየር መግቢያውና መውጫው የተለያየ ከፍታ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ሁለቱን አጠጋግተው ችግሩን ፈቱት።

በዚያው ዓመት ሰኔ ደቡብ ፈረንሳይ ባንዶል አጠገብ ኩስቶ መሣሪያውን ተሸክሞ ባሕር ገባ። ሲሞን ከላይ እየዋኘች ትጠብቀው ነበር። የ33 ዓመቱ የባሕር ኃይል መኮንን 18 ሜትር ያህል ወርዶ ያደረገው የእኛን ልጆች ሙሻ ላይ ያደረጉትን ነው። ተገለባበጠ። በአንድ ጣት ላይ ተዘቅዝቆ ቆመ። ብቻውን ሳቀ። አየሩ በየትኛውም አቅጣጫ ሳይቋረጥ መጣለት። ግን አስተውሉ፤ ግልብጡ ጨዋታም ፈተናም ነበር። በማርን ወንዝ የታየው ጉድለት መወገዱን ማረጋገጥ የሚቻለው ተገለባብጦ ነዋ! ሲመለስም ከዋሻ ያገኘውን ሎብስተር ለምሳ ይዞ ወጣ።

እዚህ ላይ ለሳይንስ ተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ከጣቢያችን ተነስቶ አዲስ አበባ የሚደርስ መንገደኛ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ያም ሆኖ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ብቻ ነው የሚቀንሰው። ወደ ባሕር ግን 10 ሜትር ብቻ ሲወርድ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ጥልቀት የታመቀ አየር የሳበ ጠላቂ ትንፋሹን ይዞ ቢወጣ፣ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ሊቀድደው ይችላል። ስለዚህ የመጥለቅ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽን አለማቆም ነው።

ደስታው ብዙ ሳይቆይ ዋጋ ጠየቀ። በጥልቅ ውሃ ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ያሰክራል። የሰከረ ጠላቂ ሁሉ ነገር ያስቀዋል፤ ኩስቶ እንደተረከው የአፉን መተንፈሻ አውልቆ ለሚያልፍ ዓሣ እስከ መስጠት ሊደርስ ይችላል። ሲሰሙት ያስቃል። በ1947 ግን ከባልደረቦቻቸው አንዱ ሞሪስ ፋርግ እስከ 120 ሜትር ወርዶ በዚያው ስካር ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ኩስቶና ዱማ ራሳቸው በቮክሉዝ ምንጭ ዋሻ ውስጥ ለጥቂት ተርፈዋል፤ ሲሊንደሩ ሲሞላ ከሞተር የወጣ መርዘኛ ጭስ ከአየሩ ጋር ገብቶ ነበር። ከሞት ያወጣቸው በገመዱ ጫፍ ላይ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው።

በ1950 ኩስቶ ካሊፕሶ የተባለችውን መርከብ አገኘ። ፈንጂ ለማጽዳት የተሠራች የእንጨት መርከብ ስትሆን፣ አንድ ባለጸጋ ገዝቶ በዓመት በአንድ ፍራንክ አከራየው። ሲሞን ጌጧን ሸጣ ለመርከቧ ወጪ ሰጠች፤ ከባሏም የበለጠ ጊዜ እመርከቧ ላይ እንደ እናት ኖረች። የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ በ1951 ወደ ቀይ ባሕር ነበር። ኋላም በቀይ ባሕር አልፋ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ስትሻገር በባብ ኤል መንደብ፣ ማለት በደጃችን አልፋለች። ጅቡቲ ውስጥ ኩስቶ በጉበት ባሕረ ሰላጤ የግመል ሥጋ ያለበት የብረት ሳጥን አውርዶ ተጨራምቶ ባዶውን ወጣ የሚል ወሬ ስትሰሙ ግን እንደ ተረት ስሙት።

ከጉዞዎቹ የተሠራው የዝምታው ዓለም የተሰኘው ፊልም በ1956 በካን የወርቅ ዘንባባ፣ በቀጣዩ ዓመት ኦስካር አገኘ። በፊልሙ ዱማ ጆጆ ከሚባል ትልቅ ዓሣ ጋር ክብ እየዞረ የሚጨፍር ይመስላል። ጆጆ ሌሎቹ ዓሦች ሲመገቡ እየገባ ስላስቸገረ በብረት ሣጥን ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ፤ ተመልካች ሁሉ በሳቅ ያየዋል። ሌላው ጨዋታ ግን ዛሬ ሲታይ አያስቅም። ጠላቂዎቹ የባሕር ኤሊ ይጋልባሉ፤ የብስ ላይ ባሉ ኤሊዎች ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ዓሣ ለመቁጠር ድማሚት ያፈነዳሉ፤ ሻርኮችንም ይገድላሉ።

ኩስቶን ትልቅ ሰው ያደረገው በዚያ አለመቅረቱ ይመስለኛል። ወደ ጠለቀባቸው ቦታዎች ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ባሕሩ ተራቁቶ አገኘው። በ1960 የኒውክሌር ቆሻሻ ሜዲትራኒያን ውስጥ እንዳይጣል ተከራከረ። በ1973 የውቅያኖስ ጥበቃ ማኅበር አቋቋመ። በቴሌቪዥን ፊልሞቹም ባሕር አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ሁሉ ባሕርን እንዲወድ አደረገ።

በ1963 ከሱዳን ጠረፍ ፊት ለፊት ሻዓብ ሩሚ በሚባለው ስፍራ፣ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ የኮከብ ቅርጽ ያለው ቤት ሠርቶ አምስት ሰዎች ከአንዲት በቀቀን ጋር አንድ ወር ኖሩበት። እሱና ሲሞን የጋብቻ በዓላቸውን እዚያው አከበሩ። የዚያ መንደር ቅሪት አሁንም በቀይ ባሕር ውስጥ አለ።

የመጨረሻ ዓመታቱ ሐዘን አልተለያቸውም። በ1979 አብሮት ይሠራ የነበረው ልጁ ፊሊፕ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ በ1990 ሲሞን አረፈች፤ በ1996 ካሊፕሶ ሲንጋፖር ላይ ተገጭታ ሰጠመች። ኩስቶ ሰኔ 25 ቀን 1997 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈና በትውልድ ከተማው ተቀበረ።

አሁን ወደ ጣቢያው ደጃፍ ልመለስ። እኚያን እናት ዛሬ ባገኛቸው፣ ጨዋታውን አንከልክል፤ ጠባቂ እንጨምርበት እላቸው ነበር። ለልጆቹም የምለው አለኝ። ብቻችሁን አትጥለቁ። የጓደኛን መነጽር ከውሃ በታች አትንኩ፤ እግሩንም አትጎትቱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውን ግዙፉን ዓሣ ነባሪ ሻርክ ብታገኙ፣ እዩት እንጂ አትጋልቡት። ኩስቶ ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል፤ እናንተ ከእሱ ብትማሩ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅባችሁም።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንሄዳለን። የምንገናኘው እዚያው ጣቢያ ፊት ለፊት ነው፤ ከወላጆችም ሁለት ዋና የሚችሉ አብረውን እንዲመጡ ከወዲሁ እጠይቃለሁ።