ድምፅን ከጩኸት የለየው ሰው፦ የኤድዊን አርምስትሮንግ ሕይወትና የመኪናዎ ሬዲዮ

በመኪናዎ ውስጥ የመነጋገሪያ ሬዲዮ ገጥመው ከኋላዎ ከሚከተለው ጓደኛዎ ጋር ሲያወሩ፣ ሞተሩ እየሠራ ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማዎት በአንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሥራ ነው። ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ይባላል። ዛሬ ኤፍኤም የምንለውን ዘዴ ለአገልግሎት ያበቃው እርሱ ነው። የልፋቱን ፍርድ ግን በሕይወት ሳለ አላየም።

አርምስትሮንግ በፈረንጆቹ 1890 በኒውዮርክ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ሕመም ትከሻውንና ፊቱን የሚያንቀጠቅጥ ምልክት ጥሎበት አለፈ፤ ሲጨነቅ የሚብሰው ይህ መንቀጥቀጥ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። ከእኩዮቹ ጋር ከመጫወት ይልቅ ብቻውን መሣሪያ መፈታታት ያስደስተው ነበር። በወጣትነቱ ስለ ማርኮኒ ሥራ ካነበበ በኋላ ልቡ በሬዲዮ ተነደፈ። በዮንከርስ ከተማ በሚገኘው የቤተሰቡ ግቢ 38 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአንቴና ምሰሶ አቁሞ፣ በገመድ እየተንጠለጠለ ራሱ ይወጣበት ነበር።

ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከቤቱ ወደ ትምህርቱ የሚመላለሰው በቀይ ሞተር ሳይክል ነበር። በ1912፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በሬዲዮ መቀበያ ውስጥ የሚወጣውን ደካማ ምልክት መልሶ ወደ መግቢያው በመመገብ ብዙ እጥፍ ማጉላት እንደሚቻል አገኘ። የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ አባቱ ግን ትምህርትህን ሳትጨርስ አልሰጥህም አሉት። ስለዚህ ንድፉን ብቻ በጃንዋሪ 1913 በሕጋዊ ምስክር ፊት አስፈረመ። ይህ መዘግየት በኋላ ብዙ አስከፍሎታል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል መኮንን ሆኖ ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም በ1918 ሁለተኛውን ትልቅ ሥራውን ሠራ። ሱፐርሄትሮዳይን የሚባለው ይህ መቀበያ የሚመጣውን ሞገድ በመጀመሪያ ወደ አንድ ቋሚ ድግግሞሽ ቀይሮ ያጎላዋል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የተሠሩት አብዛኞቹ የሬዲዮ መቀበያዎች የተገነቡት በዚሁ መንገድ ነው።

የፈጠራ መብቶቹን ሸጦ ሀብታም ሆነ። የአርሲኤ ኩባንያ መሪ የነበረውን የዴቪድ ሳርኖፍን ጸሐፊ ማሪዮን ማክኢኒስን በ1923 አገባ፤ የሰርግ ስጦታውም ራሱ የሠራው ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ግኝቱ የእርሱ ነው ወይስ የሊ ደ ፎረስት የሚለው ክርክር በፍርድ ቤት ዓመታትን ፈጀ። በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለደ ፎረስት ፈረደ። አርምስትሮንግ የመሐንዲሶች ማኅበር ለዚያ ሥራ የሸለመውን ሜዳሊያ ሊመልስ ወደ ጉባኤያቸው ሄደ። ማኅበሩ አልቀበልም አለው። የሙያው ሰዎች የማን ሥራ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

የካንዴላውን ጩኸት ያሸነፈው ዘዴ

የዚያን ዘመን ሬዲዮ ድምፅን የሚሸከመው የሞገዱን ጉልበት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነበር። ችግሩ መብረቅም ሆነ በመኪና ሞተር ውስጥ ያለው የካንዴላ ብልጭታ በዚሁ ጉልበት ላይ ተደርቦ መግባቱ ነው። መቀበያው ንግግሩን ከጩኸቱ መለየት አይችልም። ፖሊሶች በ1930ዎቹ በመኪናቸው ሬዲዮ ሲሰሙ አንዱ ፈተናቸው ይህ ነበር።

አርምስትሮንግ ሌላ መንገድ ያዘ። የሞገዱ ጉልበት እንዳለ ይቆይ፤ የሚለዋወጠው ድግግሞሹ ይሁን አለ። መቀበያው የጉልበቱን ከፍታና ዝቅታ ቆርጦ ስለሚጥለው ጩኸቱም አብሮ ይወድቃል። ሐሳቡ ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ሌሎች ግን ሞገዱ የሚይዘውን ቦታ ለማጥበብ ሞክረው የማይረባ ነው ብለው ትተውት ነበር። እርሱ ግን አሰፋው። በዲሴምበር 1933 የፈጠራ መብቱን ተቀበለ፤ በኖቬምበር 1935 ደግሞ በኒውዮርክ ለመሐንዲሶች አሰማ። ብርጭቆ ውስጥ የሚፈስ ውኃ ሳይቀር ጥርት ብሎ ተሰማ።

ወዳጁ ሳርኖፍ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ እንዲሞክር ፈቅዶለት ነበር፤ በ1935 ግን ዕቃውን እንዲያነሳ ተነገረው። አርሲኤ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን አዙሮ ነበር። አርምስትሮንግ በራሱ ገንዘብ በኒውጀርዚ፣ አልፓይን በተባለ ቦታ ከ120 ሜትር በላይ የሆነ ማማ አቁሞ ስርጭት ጀመረ።

መኪና ላይ የተደረገው ትልቅ ፈተና የመጣው በ1940 ነው። ዳንኤል ኖብል የተባለ መምህር ለኮኔቲከት ግዛት ፖሊስ በመኪና ላይ የሚገጠም የኤፍኤም መነጋገሪያ ዘረጋ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ታንኮች በኤፍኤም ይነጋገሩ ነበር። አርምስትሮንግ ጦሩ ፈጠራውን ያለ ክፍያ እንዲጠቀም ፈቀደ።

ይህ ሁሉ ለእርስዎ ምን ይጠቅማል?

በአሜሪካ ቤተሰቦችና ተጓዦች በመኪና የሚጠቀሙበት ጂኤምአርኤስ የተባለ አገልግሎት በኤፍኤም ነው የሚሠራው። በ462 እና በ467 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ይገኛል፤ በአንዳንድ ቻናሎቹ እስከ 50 ዋት ይፈቀዳል። ፈቃዱ ያለ ፈተና በ35 ዶላር ለ10 ዓመት ይሰጣል፤ የቅርብ ቤተሰብንም ያካትታል። በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖሩ ከሆነ ግን መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት የአገሩን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ የአሜሪካ ፈቃድ እዚህ አያገለግልም።

የአርምስትሮንግን ሥራ ከተረዱ ሬዲዮዎን መግጠምና መጠቀም ይቀልዎታል። የእርስዎ ሬዲዮ በሰፊው፣ የጓደኛዎ በጠባቡ ከተስተካከለ እርሱ ለእርስዎ ዝግ ብሎ ይሰማል፣ እርስዎ ለእርሱ ተጎርብጠው ይሰማሉ። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ሁለቱንም አንድ ያድርጉ። በኤፍኤም ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ጉልበተኛው ብቻ ነው፤ ደካማው መዋጡን እንኳ ሰሚው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ አስቸኳይ መልእክት አስተላልፈው መልስ ካላገኙ ይድገሙት። ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ጥቂት ቆይተው ይናገሩ፤ ካልሆነ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል።

ኤፍኤም የማያደርገውም አለ። ተራራና የአሸዋ ክምር አይሻገርም። አርምስትሮንግ ማማ የሠራው ለዚህ ነው፤ ለእርስዎም ከዋቱ ይልቅ የአንቴናው ከፍታ ይበልጥብዎታል። አንቴናውን በብረት ጣሪያው መካከል ይትከሉት፤ ፖርቶመጋላ ላይ በተጫነ ዕቃ አይከልሉት። ጉልበት ላለው ሬዲዮ መስመሩን ከሲጋራ መለኮሻው ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ይሳቡ፤ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ ያድርጉት። አንቴናው ሳይገናኝ ቁልፉን አይጫኑ፤ ሬዲዮው ሊቃጠል ይችላል።

የመጨረሻው ክርክር

አርሲኤ በ1940 ለኤፍኤም መብት አንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ልክፈል ብሎት ነበር። ሌሎች ኩባንያዎች ከሽያጫቸው በመቶኛ ስለሚከፍሉ አርምስትሮንግ ለአንዱ አላዳላም ብሎ እምቢ አለ። በ1945 የአሜሪካ መንግሥት የኤፍኤም ጣቢያዎችን ወደ ሌላ የሞገድ ክልል ሲያዛውር፣ በሕዝብ እጅ የነበሩት መቀበያዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። በ1948 አርሲኤን ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ገንዘቡን ጨረሰ፣ ትዳሩን አናጋ። በ1953 መጨረሻ ከማሪዮን ጋር ተጣልተው ተለያዩ።

በጃንዋሪ 31፣ 1954 አርምስትሮንግ በ63 ዓመቱ በኒውዮርክ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

ማሪዮን ክርክሩን አልተወችም። በዚያው ዓመት አርሲኤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ገንዘብ ከፍሎ ታረቀ፤ አርምስትሮንግ ከ14 ዓመት በፊት እምቢ ካለው ብዙም የራቀ አልነበረም። እርሷ ግን የቀሩትን ኩባንያዎች አንድ በአንድ ተከታትላ በሁሉም ረታች። የመጨረሻው ክስ በ1967 በሞቶሮላ ላይ ነበር፤ የመኪና ሬዲዮን ለዓለም በመሸጥ ስሙ የገነነው ኩባንያ። ባሏ ከሞተ 13 ዓመት አልፎታል።

በሚቀጥለው ጉዞዎ የኋለኛው መኪና ጎማዬ ፈንድቷል ብሎ ሲጠራዎትና ድምፁ ጥርት ብሎ ሲደርስዎ፣ ይህን ሰውና ያችን ሴት ያስታውሱ።