ንጉሥ ፈይሰልና የኩራዛችን ላምባ

ቀየት ውስጥ ልጅ ሳለሁ እናቴ የምታበስለው በኩበት ነበር። ቤታችን የባዕድ አገር ነዳጅ የሚያውቀው በኩራዟ ላምባ ብቻ ነው። ለዚያች ላምባ ዋጋ የሚቆርጥላት ባሕር ማዶ ያለ ሰው መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ የሳዑዲው ንጉሥ ፈይሰል ቢን ዐብዱልዐዚዝ ነበሩ።

ፈይሰል በ1898 ዓ.ም ሪያድ ተወለዱ። በ1912 ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸውን ወክለው ለንደን ሄዱ። ለብዙ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የኃያላኑን ጠባይ አጠኑ። ባርነት በ1955 በአዋጅ ሲቀር የመንግሥቱን ሥራ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። በ1957 ነገሡ።

ዓለም ይበልጥ ያወቃቸው በጥቅምት 1966 ነው። የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት ተፋፍሞ ሳለ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለእስራኤል የ2.2 ቢሊዮን ዶላር የጦር ዕርዳታ ሲጠይቁ፣ ፈይሰል ዘይታቸውን አሜሪካን ከለከሉ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ።

የእኛስ አገር? አሰብ ላይ ማጣሪያ ነበረን፤ ድፍድፉ ግን የሰው ነው። መሣሪያችንም በ1945 ውል ከአሜሪካ የሚመጣ ነበር። የዐረቦችና የአፍሪካውያን ግፊት በርትቶ ጥቅምት 13 ቀን ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች። በየካቲት ቤንዚን ሲወደድ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። የወሎ ረኃብና የወታደሩ ብሶት ተጨምሮበት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ውድ አንባብያን፣ የፈይሰልም ኃይል ቢሆን ግማሽ ነበር። ዘይቱ የራሳቸው ቢሆንም የጦር አውሮፕላናቸው የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥራ ነው። እገዳው በመጋቢት 1966 ተነሣ፤ በሰኔ ከዚያችው አሜሪካ ጋር የኢኮኖሚና የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈረመ። መጋቢት 16 ቀን 1967 የወንድማቸው ልጅ በጥይት ገደላቸው። አላህ ይዘንላቸው።

ዘይት ያለው መሣሪያ ለመግዛት ደጅ ከጠና፣ ሁለቱንም ያጣ ምን ይሆናል? የዓባይ ግድብ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ ደስ ያለኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የምንነዳበት ነዳጅ ዛሬም በጂቡቲ በኩል ይገባል። በሰው ላምባ የሚያመሽ ቤት የሚተኛበትን ሰዓት የሚወስንለት ሌላ ነውና፣ የጀመርነውን እንጨርስ።