የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና የሙያ ምርጫ

የተፈጥሮ ሳይንስ ልማር ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ? ዩኒቨርሲቲስ ስገባ የትኛው ዲግሪ እንጀራ ያበላኛል? ይህ ጥያቄ ወደ 11ኛ ክፍል የሚያልፈውን ተማሪ ሁሉ ያሳስበዋል። አባት ሐኪም ሁን ይላል፤ አጎት የሒሳብ ሥራ ይሻልሃል ይላል፤ ጓደኛ ደግሞ አብረን እንመደብ ይላል። እኛም በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ ምክር ከመጨመር ይልቅ፣ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሆኑትን የአዛዥ ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ለአንባቢ ማቅረብን መረጥን።

ወርቅነህ በ1850ዎቹ ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ። በዚያ ግርግር ከወላጆቻቸው ስለ ተለዩ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እርሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን ግን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። በላሆር ከተማ ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ወደ ስኮትላንድም ተሻግረው ትምህርታቸውን አሻሻሉ። ከዚያ በኋላ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት የሐኪምነት ሥራ ያዙ።

እስከዚህ ድረስ አገራቸውንም፣ ስማቸውንም የመረጡላቸው ሌሎች ሰዎች ናቸው። የራሳቸው ምርጫ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በበርማ ደመወዝና የተከበረ ማዕረግ ነበራቸው። ሆኖም በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ዝና በዓለም ከተሰማ ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ማያውቋት አገራቸው መጡ። በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ሕመምተኞችን ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር። አማርኛ ግን ፈጽሞ ጠፍቷቸው ስለ ነበረ ከገዛ ወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበረ። ዘመዶቻቸውም በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው ካወቋቸው በኋላ እውነተኛውን ስማቸውን ነገሯቸው።

ከዚያም በበርማና በኢትዮጵያ መካከል እየተመላለሱ ካገለገሉ በኋላ በመጨረሻ ጠቅልለው ገቡ። አማርኛንም በሚገባ ተምረው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉበት። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ሹሙ ሆኑ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ለመነጋገር ወደ ኒው ዮርክ ተላኩ። በኋላም የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው አስተዳደሩ፤ በ1927 ዓ.ም. በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜም ስለ ኢትዮጵያ በእንግሊዝ አገር ተሟገቱ። እንግዲህ በሕክምና የጀመረው ሰው በትምህርት፣ በአስተዳደርና በዲፕሎማሲ ሥራ ተፈለገ።

የሐኪሙ ታሪክ ለእኛ ለጋምቤላ ሰዎች የሚቀርብበት ሌላ መንገድም አለ። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ነበረ። በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆነው፣ ከጋምቤላ ሽቅብ በሚገኘው በጎሬ በኩል ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። ከባሮ ወንዝ ዳር በመርከብ ወደ ሱዳን መውጣት ይቻል ነበረ፤ እነርሱ ግን በአገራቸው ቀሩ። የራስ እምሩ ጦር በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ እጁን ከሰጠ በኋላ ሁለቱም ተያዙ። በየካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል፣ ከተገደሉት የተማሩ ወጣቶች ጋር ተገደሉ። አባታቸው ይህን መሪር ኀዘን ተሸክመው ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ አንድ የትምህርት ዓይነት የሰውን ዕድሜ ሁሉ በአንድ ቤት አይዘጋም፤ በደንብ የተማረ ሰው ለብዙ ሥራ ይበቃል። ስለዚህ ምርጫው ቢያሳስብም ሊያስደነግጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ሙያ ያለ ቋንቋ ጎዶሎ ነው። ሐኪም ወርቅነህ በአስተርጓሚ ማከም ግድ ሆኖባቸው ነበረ፤ በጋምቤላ ግን አኝዋክኛ፣ ኑዌርኛ ወይም መዠንግርኛ ከእናቱ የተማረ ልጅ ሐኪም፣ መምህር ወይም የሕግ ባለሙያ ቢሆን የወገኑን ችግር ከራሱ አንደበት ይሰማል። ሦስተኛ፣ የትኛው ዲግሪ ብዙ ያስከፍላል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሐኪሙም ደመወዝ ነበራቸው። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ ጎን፣ ይህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚጎድለው የት ነው የሚለውም መጠየቅ አለበት።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ የመረጣችሁትን ቅጽ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጎን ለጎን ጽፋችሁ መልሱ።